የሞተው ሂደት ለምን አይወገድም?

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ከጣና የውኃ ከፍታ መለኪያ በዩኤስቢ ንባብ የሚቀበል ፕሮግራም ከነድራይቨሩ (መሣሪያውን ከሊኑክስ ጋር ከሚያገናኘው ኮድ ጋር) ጽፌ በሊኑክስ አሠራለሁ። ገመዱ በሥራ ላይ ሳለ ከተነቀለ ፕሮግራሙ «ዞምቢ» ሆኖ ይቀራል፤ በ«ኪል» ትእዛዝ 9 ቁጥር (አስገድዶ የሚገድለውን) ምልክት ብልክበትም አይጠፋም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ዞምቢ አስቀድሞ የሞተ ሂደት (ሲሠራ የነበረ ፕሮግራም) ስለሆነ ዳግመኛ አይገደልም፤ የቀረው ወላጁ (ያስጀመረው ሂደት) በ«ዌይት» ጥሪ የመውጫ ውጤቱን እስኪረከብ በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) ዘንድ የሚቆይ መዝገቡ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የወላጁ ነው። የእርስዎ ግን የተለየ ይመስለኛል፤ ዋናው ትሬድ (በሂደቱ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር) ሞቶ ሌላው ድራይቨሩ ውስጥ ተይዞ ሲቀር ሂደቱ በሙሉ ዞምቢ መስሎ ይታያል፣ ወላጁም ቢጠብቅ ሊረከበው አይችልም።

ሂደቶችን የሚዘረዝረውን «ፒኤስ»ን በትልቁ «ኤል» አማራጭ ሲያዝዙት ትሬዶቹን ለየብቻ ያሳይዎታል። ከመካከላቸው «ዲ» የሚል ፊደል ያለበት ትሬድ ምልክት በማይቀሰቅሰው እንቅልፍ ላይ ነው። በ«ሩት» (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን ከ«ፕሮክ» ማውጫ ሥር የዚያን ትሬድ «ስታክ» (የፈንክሽን ጥሪዎች ዝርዝር) ፋይል ይክፈቱ፤ ከላይ የሚያዩት ስም የቆመበት ፈንክሽን ነው፣ እኔም ሁልጊዜ ከዚህ እጀምራለሁ።

ምናልባት ንባብ የሚጠብቀው ፈንክሽንዎ መሣሪያው መነቀሉን የሚነግረው የለም። መሣሪያው ሲነቀል የሚጠራው የ«ዲስኮኔክት» ፈንክሽንዎ መነቀሉን የሚያመለክት ተለዋዋጭ ይሙላ፣ ከዚያም የሚጠብቁትን ትሬዶች ይቀስቅስ፤ የሚጠብቀውም ያንን ተለዋዋጭ አይቶ ስሕተት ይመልስ። የመጠበቂያ ጥሪውንም በምልክት ሊቋረጥ በሚችለው ዓይነት ይተኩት። አሁን የተያዘውን ትሬድ ግን ኮምፒውተሩን ዳግም ከማስነሣት በቀር የሚያስለቅቀው አይኖርም።