መልስ፦ የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የካርሊ ሳይመን «ዩር ሶ ቬይን» («በጣም በራስህ ትኩራራለህ» እንደማለት) የተዘፈነው ለማን ነው?

አዳማ ካፌ ውስጥ «ሚክ ጃገር ነው» (የሮሊንግ ስቶንስ ዘፋኙ)፣ «የለም፣ ዋረን ቢቲ ነው» (የፊልም ተዋናዩ) ተባብላችሁ ከተወራረዳችሁ፣ ጃገር ያለው ቡናውን ይክፈል። ግምቱ የመጣው ጃገር በቅጂው ላይ አዝማቹን ስለተቀበለ ነው፤ መቀበል ግን ማስረጃ አይሆንም። ካርሊ ሳይመን ግጥሙ ሦስት ወንዶችን እንደሚነካ ተናግራ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሁለተኛው አንጓ የቢቲ መሆኑን አረጋግጣለች። እሷ እንደምትለው ቢቲ ግን ሙሉው ስለ እኔ ነው ባይ ነው (ከርዕሱ ጋር ገጠመ!)።

ግጥሙ ውስጥ ሰውየው ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ ለማየት ወደ ኖቫ ስኮሺያ (ካናዳ) ይበራል፤ በዚያ ግርዶሽ ማንነቱን ለመለየት ያሰብከው ግን አያዋጣም። ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1972 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት ሙሉ ግርዶሽ እዚያ ሁለቴ ታይቷል፣ በማርች 1970 እና በጁላይ 1972። ደግሞ ግርዶሹ ያለው ሦስተኛው አንጓ ላይ ነው፣ የቢቲው ላይ አይደለም።