የዴንበሪ ኮረብታ የእህል ጉድጓዶች

ጥያቄ፦ በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው የዴንበሪ የብረት ዘመን ምሽግ በሺዎች የሚቆጠሩ የእህል ጉድጓዶች ተገኝተዋል ይባላል። እንዲህ ዝናብ በሚበዛበት አገር እህሉ አይሻግትም? የቆሻሻ መጣያ አለመሆናቸውስ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ጥያቄ ማሽላውን በጉድጓድ የሚያከርም የሐረርጌ ገበሬ ሳይቸገር ይመልሰዋል። የዴንበሪ ጉድጓዶች ውሃ በሚያሰርግ ነጭ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቆፈሩ ናቸው። ብዙዎቹ አፋቸው ጠቦ ሆዳቸው የሰፋ ነው፤ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚጠልቁ አሉ። እህሉ እስከ አፍ ይሞላል፣ በጭቃ ወይም በእበት ይመረጋል፣ በላዩ አፈር ይደለደላል። ግድግዳውን የነካው እህል እርጥበት ሲያገኝ ያጎነቁላል፤ ሲያጎነቁልም ኦክስጅኑን ጨርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተካበታል። ያኔ ማጎንቆሉ ይቆማል፣ ነቀዙም አይራባም። ዳር ዳሩ በስሱ ይበላሻል እንጂ መሃሉ ለዘር ሳይቀር ይሆናል። የጥንቱን እርሻ በሙከራ ያጠና የነበረው አርኪዮሎጂስት ፒተር ሬይኖልድስ በእንግሊዝ በበትሰር የሙከራ እርሻ ጉድጓድ እየቆፈረና እህል እየሞላ ይህን ደጋግሞ አሳይቷል።

ጥፋቱ የሚመጣው ምርጊቱ ተሰንጥቆ ዝናብ ሲገባ ነው። ጉድጓዱን ከፍቶ ግማሹን ብቻ መውሰድም ያው ነው፤ አየር ስለሚገባ የቀረው እንደገና ያጎነቁላል። አንዴ የተከፈተ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ መራገፍ አለበት። ስለዚህ ጉድጓዱ ለዕለት ቀለብ ሳይሆን ለዘር ወይም ለትርፍ ምርት ነበር ማለቱ ይበልጥ ያስኬዳል። ለቀለቡ በ4 ምሰሶ ላይ የቆሙ ጎተራዎች ሳያገለግሉ አልቀሩም፤ የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች አራት ማዕዘን ሠርተው ይገኛሉ።

ቆሻሻውም እውነት ነው፣ ግን ኋላ የመጣ ነው። አርኪዮሎጂስቱ ባሪ ከንሊፍ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1988 ከ5 ሄክታሩ ምሽግ ከግማሽ በላዩን ሲቆፍር፣ አገልግሎታቸው ባበቃ ጉድጓዶች ውስጥ የቤት ጥራጊ፣ የእንስሳ አጥንት፣ አንዳንዴም የሰው አጽም አግኝቷል። የክምችቱን ዘመን ከጥራጊው ዘመን ለመለየት መጀመሪያ የጉድጓዱ ግማሽ ብቻ ይወጣል፤ የአፈሩ ንብርብር በጎን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ናሙናው ከየንብርብሩ ለየብቻ ይወሰዳል። ላይኛው ከታችኛው ከተቀላቀለ የጥራጊው እህል የክምችቱ መስሎ ያሳስታል፤ ይህ ስህተት ደግሞ አይታረምም። ከዚያ አፈሩ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ ተንሳፋፊው የከሰለ እህል በደቃቅ ወንፊት ይያዛል፣ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይሰነጣጠቃል።

ጥያቄ፦ ዕድሜ ለመለካት ከምሰሶ ከሰል ይልቅ የገብስ ፍሬ ለምን ይመረጣል?

መልስ፦ ፍሬው የአንድ ዓመት ዕድሜ ብቻ ስላለው ነው። የወፍራም ዛፍ እምብርት ግን ዛፉ ከመቆረጡ ከመቶ ዓመት በፊት ያደገ ሊሆን ስለሚችል ምሽጉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ሆኖም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ገደማ ላለው ዘመን የራዲዮካርቦን ልኬት (በቅሪቱ ውስጥ በቀረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን መጠን ዕድሜን የሚለካው ዘዴ) ዓመታቱን አጥርቶ አይለይም፤ እዚያ ላይ የሸክላ ስብርባሪው ቅርጽና ጌጥ ይረዳል።