ድምፅ ለሚረብሸው ልጅ የሚሆን ካንትሪ

እህቴ፣ ልጅሽ ድምፅ ሲበዛበት ጆሮውን እንደሚይዝ፣ አያቱ ደግሞ መኪና ውስጥ ካንትሪ (የአሜሪካ ገጠር ሙዚቃ) መክፈት እንደሚወዱ ጽፈሻል። የእኔም ልጅ እንደዚሁ ስለሆነች በደንብ ገብቶኛል።

በካንትሪ ዘፋኙ በዶን ዊሊያምስ ጀምሪ። ድምፁ ወፍራምና ዝግ ያለ ነው፤ አይጮኽም። ቀጥሎ ጂም ሪቭስ። ከንፈሩ ማይኩን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግቶ በቀስታ ነበር የሚዘፍነው። ጆሮ ላይ ቀለል የሚለው ለዚህ ነው።

ከዘፋኙ በላይ ግን ቅጂውን እዪ። የመድረክ ቅጂ ይቅርብሽ፤ ጭብጨባውና ፉጨቱ ድንገት ነው የሚመጣው። ቫዮሊን የሚጮኽበትን፣ ስቲል ጊታር (ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር) የሚያላዝንበትንም ለጊዜው ዝለይው። የእኔዋ ባንጆ የሚባለውን የክር መሣሪያ ቀጭን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ እስከ ጆሮዋ ይወጣል። ስለዚህ ዘፈኑን መጀመሪያ ብቻዬን እስከ መጨረሻው እሰማዋለሁ።

የመኪናውን ቴፕ "ትሬብል" (ቀጫጭኑን ድምፅ የሚያጎላውን ማስተካከያ) ቀንሺው። ዘፈኑ ከስልክ የሚከፈት ከሆነ ስልኩን ለልጁ ስጪው፤ ድምፁን ራሱ ሲቀንስ ጭንቀቱ ይቀልለታል። አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ቢደጋግም አትሰልቺ። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ማወቁ ነው የሚያረጋጋው። አያቱም ከመክፈታቸው በፊት "ዛሬ ድምፁን ስንት ላይ እናድርገው?" ብለው ይጠይቁት።