ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያለው ክርስትና፦ ከሐዋሳ የመጡ ጥያቄዎች

ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬዎቹ ጥያቄዎች በሙሉ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው። ከተላኩት ውስጥ ቤት፣ ሥራ ቦታና መንገድ ላይ የሚያስጨንቁትን አስቀድሜያለሁ። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ጠያቂውን የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። ማታ ተንበርክኬ መጸለይ ስጀምር እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ትጸልያለች። እግዚአብሔር የተቆጣኝ ይመስለኛል።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር አልተቆጣብሽም። ደክሞሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ማሽን ላይ አጎንብሶ የዋለ ሰው ማታ ዓይኑ ቢከደን ምን ይገርማል? 1ኛ ነገሥት 19ን አንብቢ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በረሃ ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን፣ መልአኩ መጥቶ አልገሠጸውም፣ ለምን አልጸለይክም ብሎም አልጠየቀውም፣ ተነሥና ብላ ነው ያለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። እንደገና ተቀሰቀሰና በላ። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው።

የጸሎት ሰዓትሽን ቀይሪው። ማታውን ለእንቅልፍ ተይው፤ «ጌታ ሆይ ቀኑን አሳልፈህልኛልና ተመስገን» ብለሽ ተኚ። ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ቁጭ ስትዪ ደግሞ አንድ መዝሙር በልብሽ በዪ። መዝሙር 117፣ ዳዊት ለምትደግሙ 116፣ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ። እሑድ ሥራ የምትገቢ ከሆነ እረፍትሽ በሚውልበት ቀን ጉባኤ ያለበትን ጠይቂ፣ ከሌለ ደግሞ እዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ከጓደኛሽ ጋር ራስሽን ማወዳደሩን ግን ከዛሬ ጀምሮ አቁሚ። ፈረቃዋም፣ ጉልበቷም፣ ሸክሟም ካንቺ ይለያል።

«ቤተሰቤ ኦርቶዶክስ ነው፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ጴንጤ ሆንኩ። አሁን ተመርቄ እናቴ ቤት ነኝ። ዐቢይ ጾም ላይ እንቁላል ስጠብስ እናቴ ምንም አትልም፣ ግን ፊቷ ይጠቁራል። ነፃነቴን ለሰው ብዬ ልተው? ዓሣስ?»

አዎ፣ ለእናትሽ ብለሽ ተይው። በእናትሽ ቤት፣ በእናትሽ መጥበሻ፣ በጾሟ ወቅት እንቁላል አትጥበሺ።

ጳውሎስ ሮሜ 14 ላይ የሚጽፈው ልክ እንደናንተ ቤት ላሉ ሰዎች ነው። የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም የሚበላውን አይፍረድበት ይላል። ብዙዎቻችን እዚህ ድረስ ያለውን ጠቅሰን «ነፃ ነን» ብለን እናልፋለን። ዝቅ ብለሽ ቁጥር 15ን እዪው፤ ወንድምሽ በምትበዪው ምግብ ካዘነ በፍቅር መመላለስሽ ቀርቷል ነው የሚለው። ፊቷ ጠቁሯል ብለሽ የጻፍሽልኝ አንቺ ነሽ። እሷን ያሳዘናት ነገር እንዳለ አይተሽዋል ማለት ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። የጾም ቤት ውስጥ ቅባት የነካው መጥበሻና ቢላዋ ራሱ ጭንቀት መሆኑን አንቺም ልጅ ሆነሽ ታውቂዋለሽ። እናትሽ ያን ሁሉ ቀን ለእግዚአብሔር ብላ ነው የምትቆየው፤ በአንቺ ትምህርት ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ወደ እሱ ነው የምታቀርበው። ሽሮዋን አብረሻት ብዪ። ይህ እምነትሽን መካድ አይደለም። «ተመለስሽ እንዴ?» ካለችሽ አትዋሺያት፤ «አይ እማዬ፣ ላንቺ ብዬ ነው» በያት። ስለ ምን እየጸለየች እንደምትጾምም ጠይቂያት። ምናልባት ስላንቺ ይሆናል፣ ምናልባትም ስለ ወንድምሽ ሥራ፤ እሱን ይዛችሁ ሁለታችሁም መጸለይ ትችላላችሁ። ለፋሲካ ዶሮው ሲሠራም ክፍልሽ ገብተሽ አትዝጊ፣ ሽንኩርቱን አንቺ ክተፊው።

ዓሣውን በተመለከተ፣ የሐዋሳ ልጅ ስለሆንሽ አልፈርድብሽም። እናትሽ በጾም ዓሣ የምትበላ ከሆነች አሞራ ገደል ይዘሻት ውረጂና ሾርባውን አብራችሁ ጠጡ። የማትበላ ከሆነች ቤት ይዘሽ አትግቢ።

ይህን የምታነቡ ኦርቶዶክስ እናቶችና አባቶችም፣ እባካችሁ በሃይማኖት ከተለየ ልጅ ሳህን አትለዩ። ከማዕድ የተገፋ ልጅ ወደ ቤት የሚመለስበት መንገድ ይጠብበታል።

«የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ሽያጭ ነኝ። አለቃዬ ለደንበኛ ‹በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?› በል ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ ከተሸጠበት ያነሰ ዋጋ ደረሰኝ ላይ እንድጽፍ ያዘኛል። እሑድ ኳየር ቆሜ ስዘምር እጄ ይከብደኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሥራውን ልልቀቅ?»

ወንድሜ፣ የከበደህ ነገር በእርግጥም ከባድ ስለሆነ ነው። ሁሉም ሱቅ እንዲህ ያደርጋል የሚል ሰው አታጣም፤ ግን አንተ ራስህ ስላላመንከው ነው የጻፍክልኝ።

ነገሩን በስሙ እንጥራው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ያ 15 በመቶው፣ የአለቃህ ገንዘብ አይደለም። ደንበኛው ለመንግሥት የሚከፍለው ነው፣ ሱቁ ሰብስቦ ማስረከብ ብቻ ነው ያለበት። ያነሰ ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ደግሞ በአንተ እጅ የተጻፈ ውሸት ነው። ዘሌዋውያን 19፥35-36 በመለኪያና በሚዛን አታጭበርብሩ የሚለው፣ ወላጆችን ማክበርና ባልንጀራን እንደ ራስ መውደድ በታዘዙበት በዚያው ምዕራፍ ነው። እግዚአብሔር የሚስማሩን ኪሎ ከአምልኮው አልለየውም።

ግን ነገ ሥራህን ልቀቅ አልልህም። ሉቃስ 3 ላይ ቀራጮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ መጥተው ምን እናድርግ ሲሉት፣ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ በላይ አትውሰዱ አላቸው። ወታደሮቹንም ማንንም አትበድሉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ከወንበሩ አላስነሳቸውም፣ ወንበሩ ላይ ሆነው ክፋቱን እንዲያቆሙ ነው የጠየቃቸው። ይህ አንዳንዴ ከመልቀቅ ይከብዳል።

እንዴት ልጀምር ካልከኝ ዳንኤል 1ን ተመልከት። ዳንኤል በንጉሥ ማዕድ አልረክስም ብሎ በልቡ ከወሰነ በኋላ ጩኸት አላነሳም። ኃላፊውን በትሕትና ለመነ፣ ሰውየው ለራሱ መፍራቱንም ሰማ፣ ከዚያ ለአሥር ቀን ሞክረን የሚል ሐሳብ አቀረበ። አንተም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት አለቃህን ለብቻው አነጋግረው። ጥቅስ አትጥቀስበት፣ አታሳጣው። «ጋሼ፣ ማልጄ እከፍታለሁ፣ ቆጠራውንም እሠራለሁ፣ ግን በእኔ እጅ የሚወጣ ደረሰኝ ሁሉ በተሸጠበት ዋጋ ይሁንልኝ። አንድ ወር ይሞክሩኝ» በለው። ሌላም ነገር ንገረው፤ ኦዲት ሲመጣ እጅ ጽሑፉ የሚገኘው የአንተ ነው፣ መከራው ግን ለሁለታችሁም ይተርፋል። ይህን የሚሰሙ ነጋዴዎች አሉ።

እምቢ ሊል ይችላል። ሊያባርርህም ይችላል፣ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ስለዚህ ከማናገርህ በፊት ለባለቤትህ ንገራት፣ ሁለታችሁም አውቃችሁ ግቡበት። ሌላ ሥራ መጠየቅም ዛሬውኑ ጀምር።

አንድ ነገር ደግሞ ለእናንተ፣ ሱቅና ድርጅት ላላችሁ አማኞች። እንዲህ ያለ ወንድም ችግሩን ሲነግራችሁ «እንጸልይልሃለን» ብላችሁ እንዳታልፉት። ያዕቆብ 2፥16 ለተራበ ሰው «በሰላም ሂድ፣ ጥገብ» ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ይላል። ውሸት አልጽፍም ያለ ሻጭ ስታገኙ ቅጠሩት።

«አብሮኝ የሚያመልክ ልጅ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው፣ ዋስ ሁነኝ አለኝ። እምቢ ብል ፍቅር የሌለኝ ይመስላል።»

መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ዋስትና ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ ለሰው ዋስ ከሆንክ ዓይንህ እንቅልፍ ሳያይ ሂድና ራስህን አድን ይላል። 22፥26-27 ደግሞ የምትከፍለው ከሌለህ የተኛህበትን አልጋ ለምን ይወስዱብሃል ብሎ ይጠይቃል። በሌላ በኩል ጳውሎስ ለፊልሞና ሲጽፍ የአናሲሞስን ዕዳ በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሏል። ጳውሎስ ግን ሰውየውን ያውቀዋል፣ ዕዳውን እከፍላለሁ ሲልም የምሩን ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ራስህን ጠይቅ። ልጁን ከጉባኤ ውጭ፣ ብር ይዞ አይተኸዋል? ገንዘቡ ቢጎድል የልጆችህን ጉሮሮ ሳትዘጋ መክፈል ትችላለህ? ለሁለቱም አዎ ካልክ ፈርም። ለአንዱም እንኳ አይ ካልክ ፊት ለፊት «አልችልም ወንድሜ» በለው። «እጸልይበታለሁ» እያልክ ሳምንታት አታመላልሰው፤ እሱ ሌላ ዋስ የሚፈልግበት ጊዜ ነው የምታባክንበት። ባለትዳር ከሆንክ ደግሞ ሚስትህ ሳታውቅ ብዕር አታንሳ።

«ባጃጅ እነዳለሁ። መዝሙር ከፍ አድርጌ መክፈቴ ምስክርነት አይሆንም?»

ተሳፋሪው ቀንስልኝ ካለህ ወዲያው ቀንስ። መልስ ሳትከለክል ስጥ፣ ለከተማው እንግዳ የሆነውንም እንደ ነባሩ ተመሳሳይ ዋጋ አስከፍለው። ይህን ካደረግክ መዝሙሩን በዝግታ ክፈተው፣ ደስ ይላል።

«ተመርቄ ሥራ አላገኘሁም። አንድ አገልጋይ ‹በዚህ ዓመት ውጭ ትወጣለህ› ብሎ ተነበየልኝ። ዓመቱ አልፎ ሌላ መጣ። አባቴ ይርጋለም አካባቢ ያለውን ቡና እንድይዝለት ይለምነኛል፣ ከጀመርኩ ግን አለማመን እንዳይሆንብኝ ፈራሁ። ቤተሰብ ደግሞ ቪዛ አስጨርሳለሁ ለሚል ሰው ብር እያዋጣ ነው።»

ጥያቄህን ሳነብ ልቤ ነው የተነካው፣ እንዲህ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ ልጆች ብዙ ናቸውና።

ኤርምያስ 28ና 29ን ዛሬ ማታ ቁጭ ብለህ አንብባቸው። ሐናንያ የሚባል ነቢይ በቤተ መቅደስ ቆሞ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል፣ የተማረኩት ይመለሳሉ አለ። ደስ የሚል ትንቢት ነው፣ ሕዝቡ ሁሉ ሊሰማው የሚፈልገው። ኤርምያስም መጀመሪያ «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው፤ ክፉ አልተመኘም። ግን ሰላምን የሚተነብይ ነቢይ እውነተኛነቱ የሚታወቀው ቃሉ ሲፈጸም ነው አለ። አልተፈጸመም። ምዕራፍ 29 ላይ ደግሞ ኤርምያስ ለምርኮኞቹ የላከው ደብዳቤ አለ፦ ቤት ሥሩ፣ ተቀመጡ፣ አትክልት ተክሉ፣ አግቡ፣ ያላችሁበትን ከተማ ሰላም ፈልጉ። የሚጠብቃቸው 70 ዓመት ነበር። ሐናንያን አምነው ዕቃቸውን ሳይፈቱ የተቀመጡ ካሉ ያ ሁሉ ዕድሜ በከንቱ አለፈባቸው።

ትንቢትን ናቅ አልልህም። 1ኛ ተሰሎንቄ 5፥20-21 ትንቢትን አትናቁ፣ ሁሉን ፈትኑ ይላል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የሚያዘው። የአንተ ተፈትኗል፣ የተባለው ዓመት አልፏል። አገልጋዩ ቃሉን ሲነግርህ ገንዘብ ተቀብሎህ ከሆነ ደግሞ 2ኛ ነገሥት 5ን ጨምርበት፤ ኤልሳዕ የንዕማንን ስጦታ እምቢ ሲል፣ ተከትሎ ሄዶ ብርና ልብስ የተቀበለው ግያዝ ምን እንደገጠመው እዚያ ተጽፏል።

ቡና መያዝ አለማመን አይደለም። እግዚአብሔር ውጭ ሊወስድህ ቢፈልግ ከቡና ማሳ ውስጥም ያገኝሃል። ዲግሪህም እዚያ ያገለግላል፤ ወጪና ገቢውን መዝግብለት፣ አባትህ ምርቱን ለማን በስንት እንደሚሸጥ ጠይቀው፣ ሌላ ገዢ አፈላልግ። ማመልከቻ ማስገባትህንም አታቁም።

የቪዛው ብር ግን ከሁሉም በላይ ያስፈራኛል። ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲ ነው፣ ደላላ አይደለም። «ሰው አለኝ፣ አስጨርሳለሁ» ብሎ ቅድሚያ ብር የሚጠይቅን ሰው አትመኑ፤ በተለይ ደረሰኝና ውል የማይሰጥ ከሆነ። እናትህ ወርቋን ሸጣ፣ አጎትህ ከዕቁቡ አውጥቶ እንደሚያዋጡ እገምታለሁ፣ ያ ብር ከጠፋ ደግሞ የሚጎዳው ቤተሰቡ በሙሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ራስህ ደውልና አቁሙ በላቸው። ደላላው እጅ ያልገባው ብር ለየባለቤቱ ይመለስ፣ የገባም ካለ ምስክር ይዛችሁ ጠይቁት። ለአባትህም ንገረው፣ የቡናው ለቀማ ሳይጀመር ይርጋለም ሂድ።