ኡመያዎች ቁረይሽ ናቸው ወይስ ሌላ ጎሳ?

የሙስሊሞች መሪ የሆኑ ኸሊፋዎች የወጡበት የኡመያ ቤት ሰዎች፣ የመካው ጎሳ የቁረይሽ ናቸው። ግራ የሚያጋባው ቁረይሽንና የነቢዩ ሙሐመድን ቤት በኑ ሃሺምን እንደ አንድ ማየት ነው። በኑ ሃሺም በቁረይሽ ውስጥ ያለ አንድ ቤት ነው፤ በኑ ኡመያም እንደዚያው።

የሚገናኙት ዐብዱ መናፍ ላይ ነው። ሃሺምና ዐብዱ ሸምስ ልጆቹ ናቸው። ከሃሺም ዐብዱል ሙጦሊብ፣ ዐብደላህ፣ ከዚያ ነቢዩ ሙሐመድ። ከዐብዱ ሸምስ ደግሞ ኡመያ፣ ሐርብ፣ አቡ ሱፍያን፣ ከዚያ በ661 እ.ኤ.አ. ኸሊፋ የሆነው ሙዓዊያ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ሙጦሊብና ዐብዱል ሙጦሊብ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ አንድ አድርጌያቸው የሳልኩትን የዘር ሐረግ በሙሉ አፍርሼ እንደገና ጀምሬያለሁ። ሙጦሊብ የሃሺም ወንድም ነው። የወንድሙን ልጅ ሸይባን ከየስሪብ (የዛሬዋ መዲና) መካ ሲያመጣው፣ ያዩት ሰዎች «ዐብዱል ሙጦሊብ»፣ ማለትም «የሙጦሊብ ባሪያ» አሉት ይባላል። ስሙ በዚያው ቀረ።