ቡቺ አቀበቱ ላይ ለምን ተኛች?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ዳር ነው። አምስት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቡቺ የምትባል ፀጉራም ትንሽ ውሻ አለችኝ። ባለፈው የካቲት ከጓደኞቼ ጋር የረር ተራራን ስንወጣ አብራን መጣች፤ እስከ እኩሌታው ድረስ ከሁላችን ቀድማ ስትሮጥ ቆይታ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ድንጋያማው አቀበት ስንደርስ ከቁጥቋጦ ሥር ሆዷን መሬት አስነክታ ተኛች፤ ብንጎትታትም አልነሣም አለች። ጓደኞቼ «አሞላቀህ አበላሸሃት» ብለው ሳቁብኝ። ለፋሲካ መተሐራ ወርደን ፈንታሌን ለመውጣት አስበናል። ትሂድ? ፀጉሯንስ ልላጫት?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቡቺ የተኛችው ሞቋት እንጂ ሞልቃቃ ሆና አይደለም፤ ጥላ መርጣ ፀጉሩ የሳሳውን ሆዷን አፈር ላይ ማሳረፏ ብልሃት ነበር። እኛ አቀበት ስንወጣ መላ አካላችን ላብ በላብ ይሆናል፤ ውሻ ግን ከእግሩ መዳፍ በቀር ይህ ነው የሚባል ላብ ስለሌለው፣ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው ምላሱን አውጥቶ በማለክለክ ነው። እርስዎ በአንድ እርምጃ የሚያልፉትን ድንጋይ እርሷ ዘላ ነው የምትወጣው፤ ሆዷም ፀሐይ ካጋለው መሬት የሚርቀው ስንዝር ያህል ብቻ ነው።

የረር ደግሞ አታላይ ነው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ በበጋ እንኳ ነፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ ሰው ሹራቡን ሳያወልቅ ድንጋዩ ግን ግሎ ይጠብቃል። የእጅዎን ጀርባ ድንጋዩ ላይ አሳርፈው እስከ ሰባት መቁጠር ካቃተዎት የእርሷም መዳፍ አይችለውም።

የጤናማ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 41 ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። ድዷ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ለሃጯ ከተዝለገለገ፣ ካስመለሳት ወይም ከተንገዳገደች ወደ ጥላ ወስደው መላ አካሏን በውሃ እያራሱ ያራግቡላት። እርጥብ ፎጣ አልብሰው አይተዉአት፤ ፎጣው ራሱ ይሞቅና ሙቀቱን ያፍንባታል። የነቃች ቢመስልዎትም የውስጥ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ያድርሷት። እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንደ ቡቺ የሚተኛው ሳይሆን ጌታውን እስኪወድቅ ድረስ የሚከተለው ውሻ ነው።

የረርን እንደገና ከወጡ ጎሕ ሲቀድ ይነሡና ፀሐይ ሳይበረታ ይመለሱ፤ ለእርሷ ብቻ አንድ ሊትር ውሃ ይዘው በየሃያ ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ያጠጧት። የእረኞች ውሾች ስለሚያጋጥሙ በገመድ ይያዟት፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷም ጊዜው እንዳላለፈ ያረጋግጡ።

ፈንታሌን ግን ለእርሷ አላስብም። መተሐራ 950 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ተራራው ወደ 2,000 ሜትር ስለሚደርስ የሚጠብቃችሁ ከሺህ ሜትር ያላነሰ አቀበት ነው፣ በፋሲካ ሰሞን ሙቀቱ ብርቱ ነው፣ የእሳተ ገሞራው ድንጋይም ሸካራና ስለታም ነው። ዘመድ ቤት ይተዉአት፤ መኪና ውስጥ ዘግቶባት መሄድማ ከተራራው የባሰ ነው።

ፀጉሯን እስከ ቆዳዋ አይላጩት፤ ከፀሐይ የሚጋርዳት እርሱ ነው። የተቋጠረውን አበጥረው፣ በጣቶቿ መካከልና በሆዷ ሥር ያለውን በመቀስ ያሳጥሩላት፤ ጭጎጎቱም የሚጣበቀው እዚያው ነው።