የመኪናህ ኤሲ ሙቅ አየር ከነፋ፣ ጋዝ ለማስሞላት አትቸኩል

ጥያቄህን አየሁት ወንድሜ። ኮሮላህ ከተማ ውስጥ ኤሲው ሞቅ ያለ አየር ይነፋል፣ ወደ ሐረር ስትወጣ ደንገጎ ላይ ግን ይቀዘቅዛል ብለሃል። ጋዝ አስሞልተህ ጥቂት ሳምንት ሠርቶልህ ነበር፤ አሁን ደግሞ «ድገመው» እያሉህ ነው። ድሬ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክና ኤሲ እየሠራሁ ስለምኖር ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

እንዳትደግመው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በዝግ መስመር ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ወጥቷል ማለት ነው። በጎሚኒዎቹ በኩል በዓመታት ትንሽ ትንሽ ሊቀንስ ይችላል፤ በሳምንታት ካለቀ ግን ቀዳዳ አለህ። ቀዳዳውን ሳይፈልግ የሚሞላልህ ሰው ብርህን ለአየር እየሰጠብህ ነው።

ደንገጎ ላይ ይቀዘቅዛል ያልከውን ግን ብዙ አትቁጠረው። አቦ፣ ደንገጎ ላይ መስኮት መክፈትስ መች ያንሳል! ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። ሙቀቱ ራሱ ሌላ ነው። ይልቅ እኩለ ቀን ላይ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ሜዳ መንገድ ላይ ሞክረው። መኪናው ሲሮጥ ቀዝቅዞ፣ ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ የሚሞቅ ከሆነ ከፊት ያለው ኮንደንሰር፣ ማለት የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው እንደ ራዲያተር ያለ ዕቃ፣ በቂ ነፋስ አያገኝም።

ሞተሩን አስነሳ፣ ኤሲውን ክፈት፣ ኮፈኑን አንሳና ፋኑን እይ። ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕሬሰር «ቀጭ» ብሎ ሲይዝ ፋኑም መዞር አለበት። ካልዞረ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያበራውን ትንሽ ማብሪያ)፣ ከዚያ የፋኑን ሞተር ማየት ነው። ሪሌውን ለመፈተሽ እዚያው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ሪሌ ጋር ቀይረህ ሞክር፤ ወጪ የለውም። ፋኑ እየዞረ ካልቀዘቀዘ ኮንደንሰሩን በባትሪ መብራት እየው። የኛ ከተማ አቧራ ከነፍሳት ጋር ተቦክቶ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል እንደ ጭቃ ይለጠፋል። ከፊት ሲያዩት ንጹህ የሚመስል፣ ከኋላ የተደፈነ ስንት አይቻለሁ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ በተራ የውሃ ጎማ፣ ከሞተር በኩል ወደ ውጭ እጠበው። የላቫጆውን ኃይለኛ ውሃ ግን አታስጠጋው። ቀጫጭኖቹን ቅጠሎች ያጣጥፋቸውና የባሰ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ጋዙ የኮምፕሬሰሩን ዘይት ይዞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ በሚያፈስበት ቦታ ዘይት ያወጣል፣ ዘይቱ ላይ አቧራ ይለጠፋል። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነጠብጣብ ፈልግ። የቱቦ መጋጠሚያዎቹን፣ የኮንደንሰሩን ጥግ፣ የኮምፕሬሰሩን ፊት፣ እና ሁሉም የሚረሳትን ቦታ፦ ጋዝ የሚሞላባትን ቫልቭ። በቅርቡ ደጋግሞ ጋዝ ያስሞላ የቪትዝ ባለቤት መጥቶ ነበር። የቫልቩ ክዳን የለም። ሞተሩን አጥፍተን የሳሙና ውሃ ጠብ አደረግንባት። የጤፍ ፍሬ የምታህል አረፋ ብቅ ትላለች፣ ትፈነዳለች፣ ሌላ ትተካለች። ጥፋቱ እሱ ብቻ ነበር። የውስጧን ቫልቭ ቀይረን ክዳን አሰርንላት።

በሳሙና ካልተገኘ ቀለም ጨምሮ በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት አለ። ክሩስኮቶው ውስጥ ያለው ኢቫፖሬተር (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ከተቀደደ ግን ሥራው ትልቅ ነው፤ ዋጋውን ቀድመህ ተነጋገር።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ መስመሩን ባዶ የማድረጉን ሥራ አታስዘልል። ፓምፑ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አየሩንና እርጥበቱን መምጠጥ አለበት፤ ከዚያ ተዘግቶ የግፊት መለኪያው መርፌ ይመለስ እንደሆነ ይታያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚከራከርበት ነገር አለ። መጽሐፉ መርፌው 29 ኢንች ሜርኩሪ ላይ ይደርሳል ይላል። ያ ለባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ድሬ ላይ 26 አካባቢ ይቆማል፣ ሐረር ላይ 24 አካባቢ። ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ነው እንጂ ፓምፑ አልደከመም።

ሲሞላም በሚዛን ይሁን። ስንት ግራም እንደሚወስድና የጋዙ ዓይነት ኮፈኑ ሥር ወይም አጠገቡ የተለጠፈ ወረቀት ላይ አለ፤ ያንተን መኪና ያህል ዕድሜ ያላቸው ኮሮላዎች አብዛኞቹ አር 134ኤ የሚባለውን ጋዝ ነው የሚጠቀሙት፣ መጠኑም ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይርቅም። «ትንሽ ጨምርበት፣ ድሬ ነው ሙቀቱ» ሲሉህ እሺ አትበል። ሲበዛም አይቀዘቅዝም፤ ግፊቱ ይወጣና ኮምፕሬሰሩን ያስጨንቃል። መርፌው ብቻ አይበቃም፦ ሞተሩ ጠፍቶ በ35 ዲግሪ ሙቀት 113 ፒኤስአይ አካባቢ ካሳየህ ውስጡ ፈሳሽ ጋዝ አለ ማለት ነው፤ 100 ግራም ይሁን 500 ግን አይነግርህም።

ሁለት ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። ኮምፕሬሰሩ አልይዝ ሲል የግፊት ስዊቹን በሽቦ ቀጥታ የሚያገናኙ አሉ። ስዊቹ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው ጋዝ ስለጎደለ ነው። በግድ ካስነሱት ዘይት ሳይደርሰው ይነክሳል፤ ያኔ ወጪው የኮምፕሬሰር ነው። ሌላው፣ በርካሽ ብለው የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉ አሉ ይባላል። የሚቀጣጠል ነገር ነው፣ ከፊት ኮንደንሰሩን መኪና ቢገጨውስ? አይሞከርም።

ፋኑም ጋዙም ደህና ከሆኑ የሙቅ አየሩ በር በትክክል መዝጋቱን እይ፤ የውስጥ አየር የሚያዞረውን ቁልፍም ተጫን።

ነገ ቀትር ላይ አስነሳትና ሦስት ነገር ጻፍልኝ፦ ፋኑ ይዞራል ወይ? ኮምፕሬሰሩ ይይዛል ወይ? ሁለቱ የኤሲ ቱቦዎች አንዱ ቀዝቃዛ ሌላው ሙቅ ነው ወይስ ሁለቱም አንድ ናቸው? ከዚያ ወደ የትኛው ባለሙያ እንደምትሄድ እነግርሃለሁ።